ለብቻዬ አልበላም

ባለቤቴ መታመሙን መጀመሪያ የነገረኝ ሱሪው ነው። መቱ ገበያው አጠገብ ልብስ ሰፊ ነበር። በደርግ ጊዜ ወንዱ ሁሉ ካኪ ለባሽ ስለነበር ከስፌት መኪናው ቀና የሚልበት ፋታ አልነበረውም። አንድ ክረምት ግን የደንበኛ ሥራ አስቀምጦ የራሱን ሱሪ ወገብ ሲያጠብ አየሁት። ብዙም ሳይቆይ ያንኑ ሱሪ እንደገና አጠበበው።

«ምነው፣ ጨርቁ ሰፋ እንዴ?» ብዬ ቀለድኩበት።

እሱም ሳቀ። ውሃ ግን በእንስራ ቢቀርብለት የሚረካ አልሆነም። ሰውነቱ እንደ ጧፍ እያለቀ ሲሄድ ይዤው ሆስፒታል ሄድኩ። ስኳር በሽታ ነው አሉን።

ያኔ ስኳር የሚገኘው ከቀበሌ ሱቅ በራሽን ነበር፤ እሱም ሲመጣ ነው። «ዶክተር፣ ስኳሩን ከየት አግኝቶ ነው የታመመው?» ብዬ ጠየቅኩ። ሐኪሙ አልሳቀብኝም። ነገሩ ስኳር ከመላስ ብቻ የሚመጣ እንዳልሆነ፣ እንጀራውም ድንቹም ሆድ ገብቶ ወደ ስኳር እንደሚለወጥ አስረዳኝ። እንጀራው ይቀነስ፣ ጎመኑና ባቄላው ይብዛ፣ ማርና ስኳር ይቅር አለኝ። ከሁሉ በላይ ግን ያዘዘለትን የኢንሱሊን መርፌ ጠዋት ከተወጋ በኋላ ምግብ እንዳያሳልፍ አስጠነቀቀኝ። «ካላበው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ንግግሩ ከተምታታ ስኳሩ ወርዷል ማለት ነው። መዋጥ እስከቻለ ድረስ ቶሎ ጣፋጭ ስጪው፤ ከዚያ ምግብ ይብላ» አለኝ። ስኳር ከልክሎኝ መልሶ ስኳር ስጪው ማለቱ ግራ ቢያጋባኝም ቃሉን ያዝኩ።

የመጀመሪያው ቀን ምሳውን በትንሽ ሰሃን ለብቻው አቀረብኩለት። ሰሃኑን አየ፤ ትሪውን ከበው የተቀመጡትን ልጆች አየ።

«እኔ በዚህ ቤት እንግዳ ነኝ? ለብቻዬ አልበላም» ብሎ ተነሣ።

በማግስቱ ትሪውን ራሱን ለወጥኩት። እንጀራው አነሰ፤ ከጓሮ የተቀነጠሰ ጎመን፣ ባቄላ፣ በፍስክ ቀን አይብና እንቁላል መሐሉን ሞላው። ሻይ ያለ ስኳር ሆነ። ትልቋ ልጄ አኮረፈች። «እማዬ፣ የታመመው አባባ ነው፤ እኛ ምን አጠፋን?» አለች። አባቷ ሳቀና አንድ ጉርሻ ጎመን አጎረሳት። ከዚያ ቀን በኋላ ሁላችንም የበሽተኛ ምግብ በላን። የራሽን ስኳራችንን ከባለቤቴ ሱቅ አጠገብ ሻይ ቤት ለነበራቸው፣ ከጉራጌ አገር መጥተው መቱ ለከረሙት፣ እትዬ ለምንላቸው ሴት እሰጣቸው ነበር፤ እሳቸው ደግሞ እንቁላል ይልኩልኛል።

ሁዳዴ ሲገባ ነው የተጣላነው። «አልጾምም ማለት አልችልም» አለ። ለምኜው እንቢ አለ። ጠዋት መርፌውን ይወጋል፤ እህል ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀምስም። አንድ ቀን እንዴት እንደዋለ ላይ ወደ ሱቁ ወረድኩ። መኪናው ላይ ተደፍቶ ይሰፋል። ላቡ ካኪው ላይ ይንጠባጠባል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። የአንዱን ሱሪ እግር መውጫ ድፍን አድርጎ ሰፍቶታል።

«ምን ሆነሃል?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «ማነሽ አንቺ?» አለኝ።

«እትዬ! ስኳር ያምጡልኝ!» ብዬ ጮህኩ። እትዬ ብርጭቆ ውሃና ስኳር ይዘው እየሮጡ መጡ፤ ለማን እንደሆነ ሲያዩ ግን ብርጭቆውን ወደ ደረታቸው ሸሸጉት። «ማል ታቴ! ምን ሆንሽ ልጄ? ለስኳር በሽተኛ ስኳር? ልትገድይው ነው?» አሉ። ሲደነግጡ መቱ የለመዱት ኦሮምኛ ይቀድማቸዋል።

«ሐኪሙ ነው ያዘዘኝ እትዬ፣ ይስጡኝ! በእኔ ይሁን!»

ሰጡኝ። በጥብጬ አገጩን ደግፌ በትንሽ በትንሹ አጠጣሁት። ሰው በሩን ሞላው፤ አንዷ «ወይኔ፣ ጨረሰችው» ስትል ሰማኋት። የሐኪሙን ቃል በትክክል ሰምቼው ይሆን ብዬ ተጠራጠርኩ፤ ብርጭቆውን ግን ከከንፈሩ አላራቅኩም። ቆይቶ ላቡ ቆመ። ዓይኑ ወደ ቦታው ተመለሰ። በሩ ላይ የቆመውን ሰው አየና ወደ እኔ ዞረ።

«ጾሜን አስፈታሽኝ?» አለኝ።

ሳቄም ልቅሶዬም አላባራም። እትዬ ወዲያው ከሻይ ቤታቸው ዳቦ አምጥተው ቁጭ ብለው አስበሉት።

እሑድ የነፍስ አባታችን ሰምተው መጡ። ነገሩን አዳመጡና «ልጄ፣ በየቀኑ የምትወጋው መርፌ ራሱ ለአንተ ጾም ነው። በሰዓትህ ብላ» አሉት። ከዚያ ወዲያ አልተከራከረም። እትዬም ጠባቂው ሆኑ። ከያዮ ማር ይዞለት የመጣ ደንበኛ ቢኖር ከደጅ ጠብቀው «ማሩን ለእኔ፣ ሰላምታውን ለእሱ» ብለው ይቀበሉት ነበር።

አመሻሽ ላይ፣ ሰዓት እላፊው ሳይደርስ፣ በልተን በእግራችን ወጣ እንል ነበር። ዝናብ ያባራበት የመቱ መንገድ፣ ከኋላ የልጆቹ ጫጫታ፣ አጠገቤ እሱ። ደርግ ወድቆ ስኳር ሱቅ ለሱቅ ሲዘረገፍም እኛ ቤት አልተመለሰም። ባለቤቴ ልጆቹን ድሮ፣ የልጅ ልጅ አቅፎ፣ በእርጅናው ነው የሄደው። ልጆቼ ዛሬም ሲመጡ ጎመንና ባቄላ ሥሪልን ይሉኛል።

እኔ ግን ይበልጥ የሚናፍቀኝ የበቆሎ እሸት ወቅት ነው። እኛ ያሻንን እንግጣለን፤ ለእሱ ግማሿ ናት የተፈቀደችለት። እሷን በጣቱ አንዲት አንዲት ፍሬ እየፈለፈለ፣ ጨዋታ እያመጣ፣ እኛ ጠግበን እጃችንን እስክንታጠብ ድረስ ያቆያት ነበር።