ፋንትነሽ እና ዝም ያለው መሣሪያ

ወይዘሮ ፋንትነሽ ጡረታ የወጡ ሰሞን ጠዋት ጠዋት የሚያደርጉት ጠፍቷቸው ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሳይነጋ እየተነሱ እስራኤል አገር፣ ፔታ ቲክቫ መሀል ከተማ ወዳለ አንድ ባለ ስምንት ፎቅ የቢሮ ሕንፃ ሲሄዱ ኖረዋል። ጠርገውና ወልውለው ጨርሰው፣ ሠራተኞቹ ሲገቡ እሳቸው ይወጣሉ። ከጎንደር የመጡት በወጣትነታቸው ሲሆን ሦስት ልጆች አሳድገው ድረዋል። ጉልበታቸውን ግን ደረጃው ጨረሰው። ስልሳ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ሥራውን ትተው ኤን ጋኒም ሠፈር ያለው ቤታቸው ገቡ።

ቁጭ ማለት ግን አልሆነላቸውም። ባለቤታቸው አቶ ሰጠኝ "እረፊ እንጅ አንች ሴት!" ይሏቸዋል፤ እሳቸው የተጠረገውን ሰገነት እንደገና ይጠርጋሉ። የራሳቸው ሲያልቅባቸው ደግሞ የልጃቸውን የኦሻራትን ሰገነት ለመጥረግ ሄዱ። እዚያ ከአንድ ብስክሌት ጀርባ አንድ ረጅም ዘንግ አገኙ። ጫፉ ላይ ሳህን የመሰለ ክብ ነገር፣ እጀታው አጠገብ ደግሞ ትንንሽ ቁልፎች አሉት።

"ይሄ ምንድን ነው?" ብለው አማቻቸውን አዲርን ጠየቁት።

"የብረት መፈለጊያ ነው። መሬት ውስጥ ብረት ካለ ይጮኻል" አለ እየሳቀ። "ሀብት አገኝበታለሁ ብዬ ገዝቼው ቆርኪ ብቻ ነው ያገኘሁበት። ከፈለጉ ይውሰዱት።"

ወሰዱት። በማግስቱ ጠዋት ከቤታቸው ፊት ለፊት ባለው መናፈሻ፣ ወጣቶች መረብ ኳስ ከሚጫወቱበት አሸዋ ላይ ይዘውት ወጡ። መሣሪያው ገና መሬቱን ሳይጠጋ መጮኽ ጀመረ። ሲቆፍሩ ምስማር። እንደገና ጮኸ፤ ቆርኪ። ደግሞ ጮኸ፤ የቸኮላት ፎይል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ወገባቸው ተቆረጠ።

ይህን የሰማው አዲር ማታ መጥቶ አንዱን ቁልፍ አሳያቸው። "ይሄ ማጣሪያው ነው። ወደ ላይ በጨመሩት ቁጥር መሣሪያው ውዳቂውን እየተወ ይሄዳል። መጀመሪያ ምስማሩን ይተዋል፣ ቀጥሎ ፎይሉን፣ ቀጥሎ የመጠጥ ጣሳ መክፈቻውን። እስከ ላይ ከወሰዱት ለትልልቅ ሳንቲም ብቻ ይጮኻል።"

ፋንትነሽ እስከ ላይ ወሰዱት። ከዚያ ወዲያ ደስታ ሆነ። በጸጥታ አሸዋው ላይ ይመላለሳሉ፤ አልፎ አልፎ ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰሙ ጎንበስ ብለው ሳንቲም ያወጣሉ። አንዴ የብር ማንኪያ አገኙ። ሠፈሩ ቀስ በቀስ ለመዳቸው፤ ከሰገነት ሆኖ "ዛሬ ምን ተገኘ?" የማይላቸው ሰው ጠፋ።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ከላይ ፎቅ ያለችው ያርደን በራቸውን አንኳኳች። ያርደን እዚሁ አገር የተወለደች፣ ካገባች ገና ሦስት ሳምንቷ የሆነ ልጅ ናት። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

"ዶዳ ፋንትነሽ" አለች፤ አክስት ማለቷ ነው። "ትናንት ኳስ ስንጫወት የጋብቻ ቀለበቴ አሸዋው ውስጥ ወደቀ። ከሴት አያቴ ጉትቻ ነበር የተሠራው። ባሌ ነገ ከሚሉኢም፣ ከተጠባባቂ ጦር ግዳጁ፣ ይመለሳል፤ ምን ብዬ ልንገረው?"

ጉትቻውን ፋንትነሽ ያውቁታል። የያርደን አያት እማማ እንጉዳይ ሱዳንን በእግራቸው ሲሻገሩ መቀነታቸው ውስጥ ቋጥረው ያመጡት ወርቅ ነው። ከአንድ ጉትቻ የወጣ ስለሆነ ቀለበቱ እንደ ክር የቀጠነ ነበር።

"አታልቅሽ። ያላ፣ እንውረድ" አሉና መሣሪያቸውን አነሱ።

እስከ እኩለ ቀን ፈለጉ። መሣሪያው አንዴም አልጮኸ። ያርደን ወደ ሥራዋ ሄደች። አቶ ሰጠኝ ውሃ ይዘው ሲመጡ ፋንትነሽ አሸዋው መሀል ቆመው አገኟቸው።

"አንዱ አንስቶት ሄዶ ይሆናል" አሉ ሰጠኝ።

ፋንትነሽ የራሳቸውን ቀጭን የወርቅ ቀለበት ከጣታቸው አወለቁና አሸዋው ላይ አኖሩት።

"ምን ሆነሻል? ያንንም ልታጠፊው ነው?"

"ዝም በል እስቲ፣ ልስማበት።"

ሳህኑን በቀለበቱ ላይ አሳለፉት። ዝም። መለሱት። ዝም። ቀለበቱ ዓይናቸው እያየው መሣሪያው አላየውም! ማጣሪያውን አንድ ደረጃ ዝቅ አደረጉ፤ አሁንም ዝም። ደግሞ ዝቅ አደረጉ። ፎይሉ ከሚጮኽበት ደረጃ ሲደርሱ "ጢጥ" አለ።

"ወይኔ!" አሉ ፋንትነሽ። "ወርቁን ከፎይሉ ጋር አብሬ ስጥለው ኖሬያለሁ!"

አዲር ጋ ደወሉ። እሱም የመመሪያውን ወረቀት ፈልጎ አነበበና እውነት መሆኑን ነገራቸው። ቀጭን ወርቅና ፎይል ለመሣሪያው አንድ ዓይነት ድምፅ ነው የሚሰጡት። አንዱን ልስማ ያለ ሌላውንም መስማት አለበት።

ዓርብ ገና ፀሐይ ሳይበረታ ማጣሪያውን ዝቅ አድርገው ምስማሩን ብቻ እንዲተው አደረጉት። በተረከዛቸው አሸዋውን በመስመር በመስመር ከፈሉት። ረጅም ኮሪደር ሲወለውሉ እንደኖሩት ሁሉ፣ አንዷንም ጭረት ሳይዘሉ ከዳር እስከ ዳር ሄዱ። መሣሪያው ጮኸ፣ እሳቸው ቆፈሩ። የማስቲካ ፎይል። ጮኸ፣ ቆፈሩ። የጣሳ መክፈቻ። ከኋላ ከኋላ ሰጠኝ ከረጢት ይዘው ውዳቂውን እየሰበሰቡ "ከተማው እኮ ሊቀጥረን ይገባል" እያሉ ይስቃሉ።

አራት ሰዓት ግድም ከመረቡ ምሰሶ አጠገብ እንደገና ጮኸ። ቆፈሩ፤ የማስቲካ ፎይል ወጣ። ሰጠኝ ወደ ፊት ተራመዱ። ፋንትነሽ ግን ሳህኑን በዚያው ጉድጓድ ላይ መልሰው አሳለፉት። አሁንም ጮኸ። በጣታቸው አሸዋውን ፈለጉ፣ ጠለቅ አደረጉ፣ አንድ ቀዝቃዛ ነገር ነካቸው።

እልልታቸውን አቀለጡት። የዚያ ሁሉ ሕንፃ መስኮት ተከፈተ። ያርደን ፀጉሯን እየታጠበች ነበርና አረፋው በጆሮዋ እየወረደ፣ በባዶ እግሯ ሮጣ መጣች። ቀለበቱን ስታይ ፋንትነሽን አቅፋ አነሳቻቸው፤ ሰጠኝም አረፋው ደረሳቸው። ሰውየው ግን አልከፋቸውም፤ ትከሻቸውን ይሰብቁ ጀመር። ከሰገነት የነበረው ሁሉ አጨበጨበላቸው።

እሑድ ዕለት እማማ እንጉዳይ በምርኩዝ መጥተው የፋንትነሽን ሁለት እጆች ሳሙ። "ሱዳን ስንሻገር ያልጠፋ እኮ ነው፤ እዚህ ደጃችን ላይ ሊጠፋ! እጅሽ ይባረክ ልጄ" አሏቸው። ፋንትነሽ ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት።

ወሬው ከመናፈሻው አልፎ ሄደ። አሁን የማያውቁት ሰው ይደውልላቸዋል። በቀላል ባቡሩ፣ መሣሪያቸውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ እስከ ባት ያም ባሕር ዳር ይሄዳሉ። ባለፈው ሳምንት ከጎረቤት ከተማ ከጋኔይ ቲክቫ አንድ ሰው ሎሚ ሲተክል ቀለበቱ ጓሮው ውስጥ እንደጠፋበት ደውሎ ነገራቸው።

"ቀጭን ነው ወፍራም? ወርቁ ቢጫ ነው ነጭ?" ብለው ጠየቁት።

"ሐኪም ነዎት እንዴ?" አለ ሰውየው።

"በሰደር፣ እሺ መጣሁ። እስክደርስ ማንም እንዳይቆፍር!" አሉና ስልኩን ዘጉ። ሰጠኝ መኪናው ውስጥ አካፋውን እየጫኑ "ጡረታ ወጣን ብለን!" ሲሉ ያጉረመርሙ ነበር፤ ግን ሞተሩን ቀድመው ያስነሡት እሳቸው ናቸው።