ለአያ ደርሰህ ሸክላ የተስማማችው መርፌ

ይህ ነገር የደረሰው ሚሊኒየሙ ሊገባ አንድ ዓመት ገደማ ሲቀረው፣ ዳባት ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ መድኃኒት ክፍል ስሠራ ነው። ሰው ፊት ስቄ ያሳፈርኳቸውን ሽማግሌ፣ መልሼ ሰው ፊት ያስከበርኩበት ቀን ስለሆነ ዛሬም ሳስታውሰው ኩራት ኩራት ይለኛል።

አያ ደርሰህ ማሲንቆ ተጫዋች ነበሩ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ማሲንቆውን ሰቀሉት። በየወሩ የደም ግፊት መድኃኒት ሊወስዱ ሲመጡ ወረፋ ከሚጠብቀው ሰው ጋር ያወጋሉ። የማይቀረው ወጋቸው በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሄደው ሸክላ ማሳተማቸው ነው። ሸክላውም አላቸው፤ ግን መሐሉ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት እርጥበት በልቶት ስም የሚባል አይነበብበትም። ማጫወቻ ያለው ሰው ደግሞ በከተማው አልተረፈም። ስለዚህ የሚያምናቸው አልነበረም።

አንድ ቀን ሸክላውን በነጠላ ጠቅልለው ይዘውት መጡ። ወረፋ የያዘ አንድ ሰው ተቀብሎ አገላበጠውና፣ «አያ ደርሰህ፣ ይቺማ ለድስት ክዳን ትሆናለች» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም በመስኮቱ ሆኜ ሳቅኩ። አያ ደርሰህ ቀና ብለው ያዩት ሰውየውን አልነበረም፤ እኔን ነው። ሸክላቸውን ጠቀለሉና መድኃኒታቸውን ሳይወስዱ ወጡ።

በሚቀጥለው ወር አልመጡም። በሁለተኛውም ቀሩ። ካርዳቸውን እያወጣሁ ያለፈውን ቀን እቆጥር ጀመር፤ የደም ግፊት መድኃኒት እንዲህ የሚቋረጥ አይደለም። በመጨረሻ መድኃኒቱን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ተቀመጪ አሉኝ፤ መድኃኒቱን ግን አልነኩትም። ይቅርታ ስጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። አንቺ ከሳቅሽ ሌላው ምን ይበል?» አሉኝ።

ያኔ ብዙም ሳላስብ፣ ሸክላውን አጫውቼ ለሰው አሰማለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። መድኃኒቱን የወሰዱት ይህን ከሰሙ በኋላ ነው።

አክስቴ ደባርቅ ላይ ቡና ቤት ነበራት። ዕቃ ቤቷ ውስጥ አንድ አሮጌ የሸክላ ማጫወቻ እንዳለ አውቅ ስለነበር ሄጄ አቧራውን አራግፌ ቤቴ አመጣሁት። ሞተሩ ይዞራል፤ ድምፅ ማጉያውም ይሠራል። የጎደለው ሸክላው ላይ የሚያርፈው ክንድ ጫፍ ላይ ነው። መርፌዋን የምትይዘው ካርትሪጅ የሚሏት ትንሽ ዕቃ የለችም። አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ደውዬ ጥሩ የተባለችውን ግዛልኝ አልኩት። እሱም ፒያሳ አካባቢ ካሉ አንድ የሸክላ ማጫወቻ ጠጋኝ ዘንድ ከሁሉ ውዷን መርጦ ላከልኝ።

በደስታ አያ ደርሰህን ጠራኋቸው። በእሳቸው ሸክላ ከመሞከር ይሻላል ብለን መጀመሪያ የአክስቴን አንድ አሮጌ ሸክላ አስቀመጥን። መርፌዋ ገና ከማረፏ ክንዱ ይነጥራል። ከኋላው ያለውን ክብደት ባበዛም ባሳንስም ያው ነው። በመጨረሻ ዘለለችና ሸክላውን ከዳር እስከ መሐል ቧጨረችው። አያ ደርሰህ ጭረቱን በጣታቸው ዳሰሱት። የራሳቸውን ሸክላ ጋቢያቸው ውስጥ ከተው ሄዱ። አልፈረድኩባቸውም። ያላቸው እሱ ብቻ ነው፤ ሌላ ቅጂ የትም ይኑር አይኑር አናውቅም።

በማግስቱ ጠጋኙን ራሳቸውን በስልክ አነጋገርኳቸው። በድምፃቸው ሽማግሌ ናቸው። ምሬቴን አስጨርሰውኝ፣ ክንዱን በጣትሽ ስታነሺው ከባድ ነው ወይስ ቀላል ብለው ጠየቁኝ። እንደ ብረት ጭልፋ ይከብዳል አልኳቸው።

«በይ እንግዲህ ጥፋቱ የመርፌዋም የክንዱም አይደለም» አሉኝ። «ሳይተዋወቁ ነው የተጋቡት።»

ከዚያ አስረዱኝ። ወንድሜ የገዛት ካርትሪጅ መርፌዋ የተተከለችበት ላስቲክ በጣም ለስላሳ ነው፤ የተሠራችው ለቀላል ክንድ ነው። ከባድ ክንድ ሲጫንባት ጀርባው ባልጠና ውርንጭላ ላይ ኩንታል እንደ መጫን ይሆናል። ሸክላው ትንሽ ጎበጥ ካለ ትንገዳገዳለች፣ ትዘላለች። ለእንዲህ ያለ ክንድ ደንደን ያለች ካርትሪጅ ናት የምትስማማው፤ ዋጋዋም ከውዷ ያንሳል። ወንድሜ መጥቶ ይቀይር አሉ። አንድ ነገር ግን አስጠነቀቁኝ፤ መርፌዋ ሸክላውን መጫን ያለባት በአራት ግራም ነው። ከበዛ ታርሰዋለች፤ ካነሰም እየዘለለች ትልጠዋለች። አንቺ አገር ግራም መመዘኛ ከየት ይገኛል ብለው ሲጨነቁልኝ ሳቄ መጣ። ሥራዬ ምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም ነበር።

ሁለተኛዋ ካርትሪጅ በጎንደር መኪና ደረሰችኝ። እንደ ፀጉር የቀጠኑትን አራት ሽቦዎች በወረንጦ እየያዝኩ አገናኘኋቸው። ከዚያ የዱቄት መድኃኒት የምንመዝንባትን ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ከጤና ጣቢያው አመጣሁ። በአንዱ ሳህን አራት ግራም አስቀመጥኩ፤ በሌላው ላይ መርፌዋን አሳረፍኩ። ሁለቱ ሳህኖች እኩል እስኪቆሙ ድረስ ከክንዱ ኋላ ያለውን ክብደት በጥቂት በጥቂቱ አዞርኩት።

የአክስቴ ሸክላ ጭረቱ ጋ ሲደርስ ጠቅ ከማለት በቀር ሳይዘል እስከ መጨረሻው ዘፈነ። አያ ደርሰህን ለምኜ አመጣኋቸው። አምስት ጊዜ አስደገሙኝ። በየመሐሉ ሸክላውን ወደ ብርሃን አዙረው አዲስ ጭረት ይፈልጋሉ። አጡ። በሉ አሁን የአንቱን እዚሁ ለብቻችን እንስማው ብላቸው እምቢ አሉ።

«የተሳቀብኝ ቦታ ይሁን» አሉኝ።

ኃላፊያችንን አስፈቅጄ፣ በገበያ ቀን ረፋዱ ላይ ማጫወቻውን ወረፋ መጠበቂያው አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። አግዳሚው ሁሉ ሞልቷል። «ለድስት ክዳን ትሆናለች» ያለው ሰውዬም አለ። እውነቱን ለመናገር እዚያ ከነበረው ሰው ሁሉ የፈራሁት እኔ ነኝ። ሸክላው ላይ ምን እንዳለ እስከዚያች ደቂቃ አላውቅም። የሌላ ሰው ድምፅ ቢወጣስ? መርፌዋን ቀስ ብዬ አወረድኩ።

መጀመሪያ እንደሚቆላ ገብስ የሚንጣጣ ድምፅ ብቻ ተሰማ። ቀጥሎ ማሲንቆ ገባ። ቀጥሎ አንድ የወጣት ድምፅ፣ «ደርሰህ ነኝ የዳባቱ» አለና ዘፈኑን አነሣው፦

ዳባት ላይ ያየኋት ሊማሊሞ ሄደች፣
ልቤን ባጋሰስ ላይ ጭናብኝ ወረደች።

ወረፋው ሁሉ ወደ ጠረጴዛው ዞረ። አንዲት አሮጊት በሰርጋቸው ቀን የሰሙት ድምፅ መሆኑን ለጎረቤታቸው በሹክሹክታ ሲናገሩ ሰማሁ። ያ ሰውዬ ከአግዳሚው ተነሥቶ ባርኔጣውን አወለቀና ቦታውን ለአያ ደርሰህ ለቀቀ። እሳቸው ግን አልተቀመጡም። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የግራ እጃቸው ጣቶች አየር ላይ የማሲንቆውን ጭራ እየተከተሉ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ሲያልቅ ሁላችንም የሚሉትን ጠበቅን።

«መሐሉ ላይ ትንሽ ቸኩያለሁ» አሉ። «እስቲ ድገሚው።»

ስንት ጊዜ እንደደገምነው አላስታውስም። መድኃኒቱን የተቀበለው ሰው አልሄድ አለ፤ ገበያተኛው ደግሞ በሩ ላይ ተደረደረ። እኩለ ቀን ላይ ሰዎች አያ ደርሰህን በመሐላቸው አድርገው ሲሸኙ፣ አንዱ ሸክላውን ልያዝልዎ ብሎ ሲለምናቸው አየሁ። አልሰጡትም።

እኔ አሁን የምሠራው ጎንደር ነው። ከዚያ ወዲህ ምስጋናም የምስክር ወረቀትም አግኝቻለሁ። እንደዚያች ረፋድ ግን እጄ የሠራው ሥራ ያኮራኝ ጊዜ የለም። በዚያ ቀን የተሰማኝ ደስታ ዛሬም አልቀዘቀዘም።