የቤቴ በር የተነቀለ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ጭሮ ላይ አንድ ባጃጅ አሮጌ የቆርቆሮ በር ጣራው ላይ አስሮ ሲያልፍ አየሁ። ሌላው ሰው ስቆ አለፈ። እኔ ግን በር ከቤቱ ተለይቶ ሲሄድ ሳይ እስከ ዛሬ ሆዴ ይባባል፤ የኔም በር አንድ ጊዜ እንዲሁ ሄዶ ነበርና።

ያኔ ወጣት ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ከበደሳ ከተማ መጥቼ፣ አስፋልቱ ዳር አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ እዚያው እየሰፋሁ እዚያው እተኛለሁ። ሀብቴ የስፌት መኪናዬ፣ አልጋዬና መጽሐፍ ቅዱሴ ነበሩ። አከራዬ ኦቦ ኡመር ክፉ ሰው አልነበረም። ብቻ አንድ ጫት ነጋዴ ክፍሏን ለመጋዘን ቢፈልጋት ልቡ ተነሳና፣ ውላችን ሳያልቅ ውጣ አለኝ። አልወጣም አልኩ። ዓርብ ከገበያ ስመለስ በሩን ከነማጠፊያው ነቅሎ ወስዶታል።

ጊዜው ክረምት ነበር። ከተራራው የመጣው ዝናብ ማንም ሳይከለክለው ገብቶ የደንበኞቼን ጨርቅ አበሰበሰው። ጎረቤት እንዲጠብቅልኝ ለምኜ ወደ ፍርድ ቤት ሮጥኩ። ደጁ ላይ የተቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ «ሁከት ይወገድልኝ» የሚል ክስ ጻፈልኝ። የቤቱ ባለቤት እንኳ ቢሆን ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ተከራይን በጉልበት ማስወጣት እንደማይችል ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ደስ አለኝ። ዳኛው የሚያዩት ግን ሰኞ ነው ተባልኩ። እስከዚያ ዕቃዬ ከወጣ ነጋዴው ይገባል፣ ከገባ ደግሞ ማን ያስወጣዋል? ሰኞን በር በሌለው ቤት መጠበቅ ነበረብኝ።

ጎረቤቴ ሐጂ አደም ነገሩን ሰሙ። ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ቀስ ብለው የሚራመዱ ሽማግሌ ነበሩ። ቅዳሜ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ምንጣፍ አስይዘው፣ የሰፈሩን አዛውንቶች አስከትለው መጡ። ሁሉም በብብታቸው ጫት ይዘዋል። የዕለቱን በርጫ እኔ ቤት ሊያደርጉት ኖሯል! እኔ ደግሞ ጴንጤ ነኝ፤ የጫት ቅጠል ደፌን ረግጦ አያውቅም።

«ሐጂ፣ እኔ እኮ አልቅምም» አልኳቸው።

«አንተን ማን ቃም አለህ፣ ልጄ? አንተ ስፋ።»

ሰፋሁ። እነሱ ከአልጋዬ ሥር እስከ ደፉ ድረስ ተደርድረው ተቀመጡ። ከሐጂ ቤት ሆጃ መጣልን፤ የቡና ገለባ በወተት ተፈልቶ፣ ጨው ጣል ተደርጎበት። ወደ ሚኤሶ የሚወርዱት ከባድ መኪናዎች ሲያልፉ ብርጭቆው ይንቀጠቀጣል። ወሬው ግማሹ በኦሮምኛ፣ ግማሹ በአማርኛ ነው፤ ስለ ዝናብና ስለ ማሽላ እንጂ ስለ በሩ ማንም አላነሳም።

ኦቦ ኡመር ዕቃዬን የሚያወጡ ሁለት ወዛደሮች ይዞ ሲደርስ ደፉ ላይ ደርቆ ቀረ። በእኛ አገር በርጫ ላይ የደረሰ ሰው ሰላምታ ሰጥቶ ይቀመጣል፤ ከሽማግሌ እጅ የተሰጠውን ጫት መመለስ ነውር ነው፤ የተቀበለ ደግሞ ዱዓውን ሳይጨርስ አይነሳም። ሐጂ ለስላሳውን ቀንበጥ መርጠው ዘረጉለት። ተቀበለ። ወዛደሮቹም ተቀመጡ። ከዚያ ሐጂ መዳፋቸውን ከፈቱ።

«ያ ረቢ፣ የዚህን ልጅ እንጀራ አታቋርጥበት። ለኡመርም ልቡን አስፋለት።»

ቤቱ ሁሉ «አሚን» አለ። ኦቦ ኡመርም ከሁሉ ዘግይቶ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «አሚን» አለ። በቤተ ክርስቲያናችን ጣራ የሚነቀንቅ ጸሎት ሰምቼ አድጌአለሁ፤ እንዲህ በሹክሹክታ የሰው እጅ የሚያስር ጸሎት ግን አይቼ አላውቅም ነበር። ሰውየው በሬን ባይነቅል ኖሮ አንኳኩቶ ብቻዬን ያገኘኝ ነበር። እሱ ግን ቤቴን ለሰፈሩ ሁሉ ከፈተው።

ጫቱን ጨርሶ፣ ወዛደሮቹን ይዞ ሄደ። ያንንም የእሁዱንም ሌሊት የሐጂ ልጆች እኔ ዘንድ አደሩ። ሰኞ ዳኛው እግድ ሰጡ፤ በሩም ተመልሶ ተገጠመ፤ ውሌን ጨርሼ ወጣሁ።

ሐጂ ዛሬ በሕይወት የሉም። አከራይ ያስቸገራቸው ወጣቶች ሲያማክሩኝ ፍርድ ቤት ሂዱ፣ መብት አላችሁ እላቸዋለሁ፤ እውነቴን ነው። ግን ሕጉ ለኔ የደረሰልኝ ሰኞ ነው። እስከ ሰኞ ያደረሱኝ በእምነት የማይመስሉኝ፣ ከእኔ ጋር የሥጋ ዝምድና የሌላቸው ሽማግሌዎች ናቸው። ይህን ሳስብ አሁንም ይደንቀኛል። ያን ቅዳሜ ጴንጤው እኔም ከኦቦ ኡመር ቀድሜ አሚን ብዬ ነበር።