እሺ ሳይባሉ የማይቀመጡት አጎቴ

በዚያ ዕለት ወረታ ከተማ ሐኪም ቤት፣ ዶክተሩ ክፍል ውስጥ የነበርነው አራት ነን፤ ያሳደጉኝ አጎቴ፣ እኔ፣ ልጄ፣ እንዲሁም ልጄ ሥራቸውን ለማየት ክረምቱን ሙሉ ስትከተላቸው የከረመቻቸው ዶክተር።

የሕክምና ትምህርት ቤቱ ልጄን ከሐኪም የድጋፍ ደብዳቤ አምጪ ብሏት ነበር። እሷ መጠየቅ አፈረች። እኔም ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥሁ ሴት፣ ከሐኪም ፊት ምን እንደምል ጨነቀኝ። አጎቴ ይህን ሲሰሙ ከመንደራቸው ከቁሐር ሚካኤል ጭቃውን አቋርጠው መጡ።

አጎቴ ለሰው ጉዳይ ሲለምኑ አይቀመጡም ነበር። ዶክተሩ ወንበር ሲስቡላቸው፣ ለጋብቻ እንደ ተላከ ሽማግሌ ቆመው፣ «ስለ ልጅ መጥቼ ነው፤ እሺ ሳይሉኝ አልቀመጥም» አሉ።

«አባቴ፣ የእኔ ልጅ እኮ ገና አራት ዓመቷ ነው!» አሉ ዶክተሩ ደንግጠው።

«እግዜር ያሳድግልዎ! የእርስዎን አይደለም። ለዚችኛዋ ደብዳቤ ይጻፉላት ብዬ ነው።»

ሁላችንም ሳቅን። ዶክተሩ «እሺ፣ ሰኞ መጥታ ትውሰድ» ሲሉ አጎቴ ጉልበታቸውን ይዘው ተቀመጡ። ምን ያህል እንደ ደከሙ ያየሁት ያኔ ነው።

አጎቴ እሑድ ጠዋት አረፉ። ሰኞን ለቅሶ ላይ ዋልን። ከሐዘን ተነሥተን ወደ ሐኪም ቤቱ ስንሄድ ዘበኛው ዶክተሩ ተዛውረዋል፣ የተዉት ደብዳቤም የለም አለን። ወዴት ብዬ ልጠይቅ ስል እንባ ቀደመኝ። እስከ ዛሬ የሚጠይቁልኝ አጎቴ ነበሩ። የልጄ መመዝገቢያ ደግሞ እየተዘጋ ነው።

ዶክተሩ ወዴት እንደ ተዛወሩ የምታውቁ፣ እባካችሁ ንገሩን።