የጥሩምባው ቅብ

ያንን ሰውዬ ዛሬም አልወደውም። ሐረር በመምህርነት ተመድቤ ስሄድ የትምህርት ቤታችን ንብረት ጠባቂ እሱ ነበር። እዚያው ተወልዶ ያረጀ ሰው ነው። ገና በመጣሁበት ሳምንት፣ እኔ እየሰማሁ፣ "ከመሐል አገር የመጣ ሁሉ አዋቂ ነኝ ይላል" አለ።

ለሰልፍ የሚነፋ አንድ ጥሩምባ ነበረን። ናስ ነው። ፋብሪካው ናሱ እንዳይጠቁር ወርቅማ ቀለም ያለው ስስ ቫርኒሽ ይቀባዋል። የእኛው ግን ቅቡ እዚህም እዚያም ተልጦ፣ ከሥሩ አረንጓዴ ዝገት አውጥቶ ነበር። እንዲህ ሲሆን የቀረውንም ቅብ አንስቶ ናሱን ማጽዳት ይሻላል። ዳይሬክተሩን ጠየቅሁ፤ ፈቀዱልኝ።

ሥራው ከባድ አይደለም። መጀመሪያ በጣት የሚጫኑት ቁልፎቹ ይወጣሉ። ከዚያ ጥሩምባው የልብስ ሶዳ በሟሟበት የፈላ ውሃ ይነከራል። ቅቡ ያብጥና እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል። ናሱ በውሃ ይታጠብና በሎሚና በአመድ ይፈተጋል። ድስቴ ሙሉውን ስለማይችል በመጀመሪያው ቀን ድምፅ የሚወጣበትን ሰፊ አፉን ብቻ ጨረስኩ። ልጣጩንም ለተማሪዎቼ ላሳይ ብዬ አድርቄ፣ በወረቀት ጠቅልዬ፣ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩ።

በማግስቱ ንብረት ጠባቂው ጥሩምባውን አየው። ቅብ የሌለው ናስ ገርጣ ይላል። መሳቢያዬን በርብሮ ወረቀቱን አገኘና መምህራን ክፍል ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈው። ልጣጩ ያብለጨልጫል።

"እዩልኝ! ወርቁን ፍቆ ለጀጎል አንጥረኞች ሊሸጠው!"

"ጋሼ፣ ወርቅ አይደለም፤ ቫርኒሽ ነው።"

"ቫርኒሽ የሚቀባው በርና መስኮት ነው፣ አንተ ልጅ! ጥሩምባ ቁም ሣጥን መሰለህ?"

መምህራኑ ሳቁ። ሌባ የተባለ አስተማሪ ተማሪ ፊት መቆም አይችልም። ስለዚህ በሥርዓት ማስረዳት ጀመርኩ። "ወርቅ እሳት ሲነካው ይቀልጥ እንደሆን እንጂ አይነድድም። ቫርኒሽ ግን ይነድዳል" ብዬ ክብሪት ጫርኩ። ልጣጩ ቦግ ብሎ ባንድ አፍታ አለቀ። የሚሰነፍጥ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ረታሁ ብዬ ቀና አልኩ።

"አያችሁ?" አለ። "ማስረጃውን አቃጠለው!"

ዳይሬክተሩ ሁካታውን ሰምተው መጡ። "የቀረውን ቅብ እዚሁ ፊታችሁ ላንሳው፤ እሱንም ላቃጥለው" ብዬ ለመንኳቸው። እሳቸው ግን የጥሩምባውን የገረጣ አፍና ቢጫ ጎን አገላብጠው አዩና "ይብቃ፤ ከእንግዲህ ማንም አይንካው። ዕቃ ግምጃ ቤት ይቆለፍበት" አሉ። የግምጃ ቤቱ ቁልፍ ደግሞ በማን ኪስ ነው? በእሱ።

ከዚያ ወዲያ ክፍል ገብቼ ስለ ማዕድን ባስተማርኩ ቁጥር ከኋላ ወንበር አንዱ ይነሳል። "ቲቸር፣ ወቄቱ በስንት ነው?" ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። ዓመቱ እንዳለቀ ዝውውር ጠየቅሁ።

ስሰናበት ንብረት ጠባቂው በር ላይ ቆሞ እጁን ዘረጋልኝ፤ መምህራኑም ያዩ ነበር። ሻንጣዬን በሁለት እጄ ይዤ አለፍኩት።