ሽማግሌ የተላከበት ውጤት

ሁለቱ ሽማግሌዎች በትምህርት ቤቱ ግቢ በኖራ በተሠመረው መስመር ላይ ተራርቀው ቆመዋል፤ አንደኛው ከሆሳዕና ከተማ ጀምሮ የተማሪዋን ቤተሰብ የሚያውቁት ጋሽ ላምቦሬ፣ ሌላው የቤተ ክርስቲያናቸው ወንጌላዊ። ተማሪዋ ብሩክታዊት ደረጃው ላይ ናት። ርዕሰ መምህሩ በቢሯቸው መስኮት ብቅ ብለዋል። ሽማግሌ የላኩት አባቷ አቶ ጌታሁን እንደ ወጉ ከበሩ ውጭ ይጠብቃሉ። እኔ ሙቀት መለኪያውን ይዤ መካከል ነኝ።

በስደት አገር፣ ዱርንፎንቴን በሚባል የከተማ ሰፈር ውስጥ በአንዲት ትንሽ የግል ትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ሥራ የጀመርኩ ዕለት ርዕሰ መምህሩ ማኅተሙን ሰጥተውኝ፣ "ማንም ቢለምንሽ ያለ እኔ እንዳታትሚ" አሉኝ። ተማሪ እመዘግባለሁ፣ የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ እልካለሁ። አማርኛ የምችለው እኔ ብቻ ስለሆንኩ አስተረጉማለሁም።

በዚያ የኮሮና ዓመት ፈተናው ተሰርዞ ውጤት የሰጡት መምህራኑ ነበሩ። ብሩክታዊት ኤ ሌቭል በሚባለው ከፍ ያለ ደረጃ ኢኮኖሚክስ ቢ አገኘች። አባቷ፣ መምህር የሰጠውን መምህር ይጨምራል ብለው ሽማግሌ ላኩ።

ጋሽ ላምቦሬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "የመጣነው ለእርቅ ነው። ልጅቷ አጥፍታ ከሆነ ይቅር ተብላ ኤ ይሰጣት።"

ተረጎምኩ።

"ማን ተጣላ?" አሉኝ ርዕሰ መምህሩ።

"ማንም።"

ርዕሰ መምህሩ መስኮቱን ሰፋ አድርገው ከፈቱ። ቢው ጥሩ ነው፤ ከተራው ኢኮኖሚክስ የበለጠ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ያስገኝላታል። የምትፈልገው አካውንቲንግ ግን ሒሳብ ይጠይቃል። ሒሳብ ካቋረጠች ቆይታለች፤ ኤ ቢሰጧትም አትገባም አሉ።

ወንጌላዊው ወደ ልጅቷ ዞሩ። "ለምን አቋረጥሽ?"

"አባዬ ነው። ሱቅ እየዋልሽ ሒሳብ አይጠፋሽም፣ ኢኮኖሚክሱን ያዢ አለኝ። ሱቃችን የሚሸጠው ዳቦና ኤርታይም፣ የስልክ ካርድ ነው። ካልኩለስ ከየት ይምጣ?"

የጋሽ ላምቦሬ ሳቅ ጭምብላቸውን ነፋው። ከዚያ ወደ በሩ ጮኹ። "ጌታሁን! ግባ!"

አቶ ጌታሁን ገቡ። ግንባራቸውን ለካሁ።

"ሽማግሌ ባዶ እጁን አይመለስም" አሉ ጋሽ ላምቦሬ። "አሁን የምንለምነው አንተን ነው። ልጅቷ ይህን ዓመት ሱቅ አትዋል፤ ሒሳቡን ትማር።"

"ጋሼ፣ ሱቁ ላይ ማን ይቁምልኝ?"

"የላክኸን አንተ ነህ።"

አቶ ጌታሁን መሬት መሬት አዩ። ልጅቷ ከደረጃው ተነሳች።

"እሺ" አሉ በመጨረሻ።

ከፍ ያለ ኢኮኖሚክስ ነጥብ ይጨምራል፤ ሒሳብን አይተካም። ይህ ለወላጅ መነገር ያለበት ልጁ ትምህርት ሲመርጥ ነው።

ለሒሳብ መዘገብኳት። ርዕሰ መምህሩ ፈረሙ፣ አተምኩ። ማኅተሙን ቆልፌበት ወጣሁ።