ነፃው ካለቀ በኋላ

ነገሩ በጠቅላላው ስድስት ሺህ ስምንት መቶ ዶላርና አንድ ጥርስ ፈጀ። ጥርሱ የእኔ አልነበረም።

ልጄ ሊልበርን ከተማ ሃይስኩል እየተማረች የኮሌጅ ኮርስ ትወስዳለች። ክፍያውን ስቴቱ ስለሚሸፍን ዓመት ሙሉ ጉራዬን ስነዛ ከረምኩ። በየወሩ የመጀመሪያ እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ ዱሉዝ ያለው የባልትና ሱቄ ውስጥ እቁብ እንጥላለን፤ አሥራ ሁለት ሰው፣ በሰው አምስት መቶ። “ሰው ለኮሌጅ ቤቱን ይሸጣል፤ እኔ ሳንቲም አላወጣሁም” እላቸው ነበር። ነጋዴ ያገኘውን ቅናሽ አያወራም። እኔ አወራሁ።

ስቴቱ የሚከፍለው ለካ እስከ ሠላሳ ክሬዲት፣ አሥር ኮርስ ያህል፣ ብቻ ነው። ልጄ ያንን በአሥራ ስድስት ዓመቷ ጨረሰችው። የሚቀጥሉት ሁለት ኮርሶች ሁለት ሺህ አራት መቶ ዶላር፤ እስከ ሰኞ ካልተከፈለ ስሟ ይሰረዛል። የእኔ ገንዘብ ደግሞ ለሱቄ ባስመጣሁትና ሳቫና ወደብ ላይ በተያዘ በርበሬ ውስጥ ተቀምጧል።

ያን እሁድ ዕጣው ለአንድ የትራክ ሾፌር ወጣ። የቸገረው ሰው ባለዕጣውን ለምኖ መውሰድ ወጋችን ነውና ተነስቼ ቆምኩ።

“ወንድሜ፣ ልቀቅልኝ። ለልጄ ኮሌጅ ነው።”

ሳቀ። “የቱ ኮሌጅ? መንግሥት የሚከፍልልህ?” ወደ ሰዎቹ ዞረ። “ሰማችሁ? በርበሬውን ሊያስፈታ በልጁ ይለምናል!”

“እውነቴን ነው።”

“እንግዲያው እሷ ትምጣና ትለምነኝ።”

ዓይኑ ላይ በቡጢ አሳረፍኩበት። ኮሌታዬን ጨምድዶ በጭንቅላቴ የዕቃ ማሳያ መስታወቴን ሰበረ። ደም ዓይኔን ሞላው። ደረቴ ላይ ተንበርክኮ ጉሮሮዬን አነቀኝ። እጄ ወለሉን ሲዳብስ ለሽያጭ ያቆምኩትን ዘነዘና አገኘ። አፉን አልኩት። ጥርሱ ሲሰበር ቤቱ ሁሉ ሰማ። ልደግመው ሳነሳ የእቁባችን ሰብሳቢ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ነርስ፣ እጄን ጠመዘዙት።

“እናንተ እንስሳዎች!” አሉና የፊቱን በር ቆለፉ። ፖሊስ ይጠራ ያለ አልነበረም።

መኪና ውስጥ ስትጠብቀኝ የነበረችው ልጄ የመስታወቱን ድምፅ ሰምታ በጓሮ በር ገባች። እኔን አየች፣ እሱን አየች። ስልኳን ከፍታ ደም የሚተፋው ሰውዬ ፊት ደቀነችው።

“የኮሌጁ ቢል ይኸው። አባቴ ጉረኛ ነው እንጂ ውሸታም አይደለም።”

ሾፌሩ ባላበጠው ዓይኑ አነበበ። ደሙን ዋጠና፣ “አንተ ሰው፣ ይህን ቀድመህ አታሳይም ነበር?” አለኝ።

“ማን ጠየቀኝ?”

ሰብሳቢዋ እዚያው ፈረዱ፦ ዕጣው ለእኔ፣ ጥርሱ በእኔ።

“ለእሷ ነው የለቀቅኩት” አለ ሾፌሩ አፉን በፎጣ ይዞ። “ላንተ አይደለም።”

ሰኞ ጠዋት ከፈልኩ። ዘነዘናውን አጥቤ በሙሉ ዋጋው ሸጥኩት። ልጄ በሁለቱም ኮርስ ኤ አመጣች፤ እኔን ግን እስከ ፋሲካ አላናገረችኝም።

ከእቁብ የገባ፣ ስድስት ሺህ። ለኮርስ ሁለት ሺህ አራት መቶ፣ ለጥርስ ሦስት ሺህ ስምንት መቶ፣ ለመስታወት ስድስት መቶ። ጉድለት፣ ስምንት መቶ ዶላር።